የፊት ባካክስ

እስራኤል ውስጥ የትኛውም ሙሳኽ ገብታችሁ «ባካክስ ቅድሚ» ብትሉ የሚስቅባችሁ የለም። ሩሲያዊው መካኒክም፣ ሞሮኳዊውም፣ ዐረቡም የፊቱን አክስል የሚጠሩት እንዲሁ ነው። ቃሉ ግን ከእንግሊዝኛ የመጣ ነው። «ባክ» ኋላ ማለት ነው፣ «አክስ» የሚሉት ደግሞ ግራና ቀኝ ጎማዎቹን የሚያገናኘው አክስል። ስለዚህ «ባካክስ ቅድሚ» ስንል «የፊት የኋላ አክስል» ማለታችን ነው። እንግሊዞች እስከ 1948 ይህን አገር ሲገዙ መኪና ይዘው መጡ፤ ሲሄዱ የመኪናውን ቃል ትተውልን ሄዱ። ፍሬን በእነሱ ቋንቋ «ብሬክስ» ሲባል ቀድሞውኑ ብዙ ቁጥር ነው፤ ዕብራይስጡ አልበቃ ብሎት «ብሬክሲም» አለው። የእጅ ፍሬኑም «አምብሬክስ» ሆኖ ቀረ። ይህን የማወራው ቋንቋ ስለማጠና አይደለም፤ የማጠናው ሜካኒካል ምህንድስና ነው፣ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። የማወራው አባቴ ከእነዚህ ቃላት አንዱንም ስለማይጠቀሙ ነው።

በአባቴ አፍ ክላች ፍሪሲዮን ነው። ጊር ካምቢዮ ነው። ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ፣ ሞተሪኖ፣ ፍሬቻ፣ ካቻቢቴ ይላሉ። ጣሊያን አገር ሄደው አያውቁም፤ በጣሊያንኛ ውሃ ስጡኝ ማለት አይችሉም። ቃላቱን የተማሩት በደርግ ዘመን ጎንደር ፒያሳ አጠገብ ከነበረ ጋራዥ ነው፤ በ17 ዓመታቸው ረዳት ሆነው ገብተው። ጣሊያን ኢትዮጵያን ይዞ የቆየው ከ1936 እስከ 1941 ነው፤ ጎንደር የመጨረሻ ምሽጉ ነበረች፣ የተለቀቀችውም ኅዳር 1941 ነው። አምስት ዓመት ብዙ አይደለም። ግን መንገድ ጠረገ፣ ካሚዮን አመጣ፣ ካሚዮኑን የሚያጥቡና ጎማ የሚያነሱ ልጆች ቃሉን ከአፉ ወሰዱ። እነሱም ለሌሎች ልጆች አስተማሩ። አባቴ ዘንድ ሲደርስ ቃሉ አማርኛ ሆኖ ነበር።

እንግዲህ አንድ መኪና ሥር ሁለት ሰዎች ተኝተዋል እንበል። አንዷ በእንግሊዝ ወታደር ቃል ትናገራለች፣ ሌላው በጣሊያን ወታደር ቃል። ሁለቱ አባትና ልጅ ናቸው።

መኪናው የ1999 ቶዮታ ሃይሉክስ ነው፤ ደብል ጋቢና፣ ናፍጣ፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳ፣ ድሮ ነጭ የነበረ። አባቴ በ2011 ከአንድ የሞሻብ ገበሬ ገዙት። አሁን 400 ሺሕ ኪሎሜትር ካለፈ ቆይቷል። ቶዮታ እዚህ አገር በይፋ መሸጥ የጀመረው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከዚያ በፊት ከሱባሩ በቀር አብዛኞቹ የጃፓን ኩባንያዎች የዐረብ አገሮችን ማዕቀብ ስለሚፈሩ ወደ እስራኤል አይመጡም ነበር፤ በድሮ ፎቶግራፎች ላይ መንገዱ ሁሉ ሱባሩ የሆነው ለዚህ ነው። አባቴ በዘመቻ ሰሎሞን፣ በግንቦት 1991 ስለመጡ «እኔና ቶዮታ አንድ ላይ ዓሊያ አደረግን» ይላሉ።

ቂርያት ማላኺ ያላችሁ መኪናውን ሳታውቁት አትቀሩም። የልቅሶ ወንበር፣ የሰርግ ድስት፣ የተዝካር ድንኳን፣ ከአንዱ ፎቅ ወደ ሌላው ቤት የሚዛወር ፍሪጅ፣ ሁሉንም የሚጭነው እሱ ነው። አባቴ ገንዘብ አይቀበሉም፤ ናፍጣ የሚሞላላቸው ካለ ዝም ይላሉ። ስለዚህ መኪናው ይውጣ ሲባል ጉዳዩ የእኛ ቤት ብቻ አልነበረም።

ድምፁ የጀመረው ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በፊት ነው። ከኋላ ማርሽ ወደ አንደኛ ሲቀየር ከሥር «ዷ» ይላል፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በር እንደሚዘጋ። ቀጥሎ በ70 ኪሎሜትር ወለሉ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በ90 ደግሞ በመስተዋቱ ውስጥ ከኋላችን የሚመጣው መኪና ሁለት ሆኖ ይታያል። ዕድሜው ከ15 ዓመት ያለፈ መኪና ለቴስት ሲቀርብ ከጋራዥ የፍሬን ማረጋገጫ መያዝ አለበት፤ ለዚያ ወረቀት በሄድንበት ስለ ድምፁም ጠየቅን። ሰውዬው ከሥር አየና ወጣ። አባቴ አጠገቤ ቆመዋል፣ የመኪናው ቁልፍ በእጃቸው ነው። እሱ ግን የተናገረው ለእኔ ነው። «ለአባትሽ ንገሪው፤ ሻፍቱ በሙሉ ይቀየራል፣ ከነሥራው 4 ሺሕ ሰቅል። ለዚህ መኪና አያዋጣም፤ ለቁርጥራጭ ብረት ይሽጠው።» አባቴ ከሠላሳ ዓመት በላይ እዚህ ሠርተዋል፤ ዕብራይስጥ ይሰማሉ። «ቶዳ» አሉትና ወጣን።

ኪሎሜትሮች ዝም ብለን ከሄድን በኋላ፣ «ሻፍቱ ደህና ነው። ያለቀው ክሮቸራው ነው» አሉ።

ክሮቸራ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ አባቴ ከሚያውቁት ነገር አብዛኛውን አላውቅም ነበር። የእኔ አማርኛ የወጥ ቤትና የበዓል አማርኛ ነው፤ የእሳቸው ዕብራይስጥ የሥራ ቦታ ዕብራይስጥ ነው። ለዓመታት የተነጋገርነው በልተሻል ወይ፣ ደርሰሻል ወይ፣ ገንዘብ አለሽ ወይ በሚሉ ሦስት ጥያቄዎች ነው። ይህ ማኅበራችን ውስጥ የእኔ ብቻ ታሪክ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የዚያን ቀን ማታ ግን አባቴ ወረቀት ላይ ሥዕል ሣሉልኝ።

ሻፍቱ ኃይልን ከካምቢዮው ወደ ኋላው ዲፈረንሻል የሚወስድ የብረት ቱቦ ነው። መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር አክስሉ ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ ቱቦው እየተሽከረከረ በሁለቱም ጫፍ መተጣጠፍ አለበት። የሚያጣጥፈው በየጫፉ በሁለት ሹካዎች መካከል የተቀመጠ መስቀለኛ ብረት ነው። አራት ክንድ አለው፤ በየክንዱ ጫፍ ትንሽ ሲኒ የመሰለ ክዳን፣ በክዳኑ ውስጥ ደግሞ መርፌ የሚመስሉ ቀጫጭን ብረቶች በግሪስ ውስጥ ይሽከረከራሉ። ግሪሱ ሲደርቅ መርፌዎቹ ይዝጋሉ፣ ክንዱን ይበሉታል፣ ክፍተት ይፈጠራል። «ዷ» የሚለው ያ ክፍተት ነው። ዝም ከተባለ አንድ ቀን ሻፍቱ ተበጥሶ አስፋልቱን ይመታል። ክሮቸራ ይህ መስቀለኛ ብረት ነው፤ የጣሊያንኛው ቃል ከመስቀል የመጣ ነው። የእኛ አገር መካኒኮችም «ጸላቭ» ይሉታል፤ እሱም መስቀል ማለት ነው። ይህን ለአባቴ ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። «ይኸን ሁሉ ዘመን ተዝካር ስናመላልስ የኖርነው በመስቀል ነው በይኛ!»

እናቴ አልሳቀችም። አያቴ፣ የእሷ አባት፣ ቀጥቃጭ ነበሩ። በወናፍ እሳት አንድደው ማረሻና ማጭድ ይሠሩ ነበር፤ ቀን ማረሻ ያሠራው ጎረቤት ማታ ቡዳ ነው፣ ጅብ ይሆናል ብሎ ያወራባቸዋል። ይህን የማያውቅ የጎንደር ቤተ እስራኤል ቤተሰብ የለም። እዚህ ከመጡ በኋላ ደግሞ ወንድሞቿ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ፤ በዚያን ጊዜ እንደ ብዙዎቹ የእኛ ልጆች በቀጥታ የሙያ ክፍል ገቡ። አንዱ ሒሳብ እንደሚወድ የጠየቀው አልነበረም፤ ብየዳ አስተማሩት። «እኔ ልጄን ዩኒቨርሲቲ የላክኋት ከብረት እንድትርቅ ነው፣ እናንተ መልሳችሁ ከመኪና ሥር ትከቷታላችሁ» አለች። አባቴ መልስ አልሰጡም። እኔም አልሰጠሁም፤ ምክንያቱም የተናገረችው ውሸት አልነበረበትም። ዓርብ ጠዋት ግን ዳቦና ቡና በቴርሞስ አስይዛ ሸኘችን።

ሥራውን በራሳችን የመኪና ማቆሚያ ልንሠራው አልቻልንም። የፎቁ ኮሚቴ፣ ቫዓድ ባይት የምንለው፣ ዘይት ይፈሳል ብሎ ከልክሏል። ዘይት ስለሚፈስ አልፈርድባቸውም። ጌዴራ፣ ሻፒራ ሰፈር፣ አጎቴ መሬት ላይ ያለ ቤት ከነግቢው አላቸው፤ ግቢው ውስጥ ደግሞ በሲሚንቶ የተተከለ ሞርሳ አለ። ያለ ሞርሳ ክሮቸራ አይወጣም።

መጀመሪያ ዕቃ ለመግዛት ያቭኔ፣ ኢንዱስትሪ ሰፈር ሄድን። ረቢ ዮሐናን ቤን ዛካይ ጠቢባንን የሰበሰቡባት ያቭኔ ለአባቴ የመለዋወጫ ከተማ ናት። ሻጩ የመኪናውን ቁጥር ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቶ ሁለት ሣጥን አመጣ። አባቴ ሣጥኑን ከፍተው የክዳኑን ውፍረትና የመስቀሉን ርዝመት ከቤት ልከው ባመጡት ወረቀት አስተያዩ። አንዱ ሣጥን ልክ አልነበረም፤ በጥቂት ሚሊሜትር ይበልጣል። ሻጩ ገረመውና «መካኒክ ነህ?» አላቸው፤ ዕብራይስጥ አንቱ የለውም። «ነበርኩ» አሉ። በዚህ አገር ይህን ቃል ሲናገሩ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ኡልፓን ሲገቡ፣ ፋብሪካ ሲቀጠሩ፣ የጠየቃቸው እንዳልነበረ በኋላ ነገሩኝ። ለሁለቱ ክሮቸራ 400 ሰቅል ከፈልን።

ጌዴራ ስንደርስ አባቴ መጀመሪያ ያደረጉት በአራቱም ጎማዎች ፊትና ኋላ ድንጋይ መሰካት ነበር።

«ማርሽ ውስጥ ነው እኮ፣ አባ» አልኳቸው።

«ሻፍቱ ከወረደ ማርሹ ማንን ይይዛል?»

ልክ ናቸው። ሻፍቱ ከሌለ ካምቢዮውና የኋላ ጎማዎቹ አይተዋወቁም። ክሪክም ለማንሳት እንጂ ለማቆም አይደለም፤ መኪናውን በብረት እግር ላይ ሳያስቀምጡ አንገታቸውን እንኳ ከሥር አላስገቡም። ቡሎኖቹን ከማታ ጀምሮ ናፍጣ አጠጥተዋቸዋል። ቀጥሎ መሮና መዶሻ አንስተው በሻፍቱ ጫፍና በዲፈረንሻሉ ላይ የሚያልፍ አንድ ሰረዝ ቀረጹ፤ በሌላው ጫፍም እንዲሁ። ከዚያ ነው «14 ቁጥር አምጪ» ያሉት።

አባቴን በዕብራይስጥ «አታ» እላቸዋለሁ፤ ሌላ መንገድ የለም። በአማርኛ ግን «አንቱ» ናቸው፤ ጎንደሬ አባት በሌላ አይጠራም። መኪና ሥር ሆኖ አንቱታ ጊዜ ይወስዳል። የመጨረሻው ዳዶ ሲወጣ «አባ፣ ይያዙት!» ብዬ እስክጨርስ የሻፍቱ ክብደት ክንዴ ላይ ነበር። ምነው «ራጋ» አላልሽም አሉኝ እየሳቁ። «አባ» የሚለው ቃል ብቻ በሁለቱም ቋንቋ ይሠራል።

ሞርሳው ላይ ያለውን ሥራ በዝርዝር ልንገራችሁ፤ አሮጌ መኪና ያላችሁ ታገኙበታላችሁና። ክዳኖቹን የሚይዙትን የሽቦ ቀለበቶች በፒንሳ ታወጣላችሁ። ሹካውን በሞርሳው አፍ አስገብታችሁ በአንድ ወገን ከክዳኑ የሚያንስ ቡሽ፣ በሌላው ወገን ክዳኑ የሚገባበት ሰፊ ቡሽ ታስቀምጣላችሁ። ሞርሳውን ስታጠብቁት አንዱ ክዳን ተገፍቶ ሌላው ይወጣል። በመዶሻ መደብደብ ይቻላል፣ ብዙዎችም ያደርጉታል፤ አባቴ ግን ሹካው ይጣመማል ብለው አይፈቅዱም። ከአሮጌው ክዳን የወጣው ግሪስ አልነበረም፤ የቡና አተላ የመሰለ ዝገት ነበር። አዲሱ ሲገባ ትልቁ አደጋ ከመርፌዎቹ አንዱ ወድቆ ከክዳኑ ሥር መጋደሙ ነው። መርፌዎቹን በወፍራም ግሪስ አጣብቆ፣ መስቀሉን በጣት እያወዛወዙ ቀስ ብሎ ማስገባት። ያለቀው ክሮቸራ በራሱ ክብደት ወዲያና ወዲህ ይወድቃል፤ አዲሱ ግን ትንሽ ይግደረደራል፣ በጣት ሲገፋ ብቻ እሺ ይላል።

ሻፍቱ መሐል ላይ ሁለት ቦታ የሚገጣጠም፣ የሚረዝምና የሚያጥር ቱቦ አለው። አጎቴ ለማጽዳት ፈትተውት ኖሮ እንደገና ሊሰኩት ሲሉ አባቴ እጃቸውን ያዟቸው። «ሹካና ሹካ ይተያዩ!» አሉ። በሁለቱ ጫፍ ያሉት የሻፍቱ ሹካዎች አንድ አቅጣጫ መያዝ አለባቸው። ለምን አልኳቸው። «እንደ ባልና ሚስት ነው፤ አንዱ ሲቸኩል ሌላው ካላዘገየው ቤቱ ይንቀጠቀጣል።»

መሬት ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። ባለፈው ሴሜስተር ይህንኑ በዳይናሚክስ ኮርስ ተምረን ነበር፤ እዚያ ስሙ የካርዳን መጋጠሚያ ነው፣ በ16ኛው መቶ ዘመን በኖረው ጣሊያናዊ ሐኪምና የሒሳብ ሰው በጀሮላሞ ካርዳኖ ስም። አንድ መጋጠሚያ ታጥፎ ሲሽከረከር፣ ኃይል የሚሰጠው ዘንግ እኩል ፍጥነት ቢኖረውም የሚቀበለው እኩል አይሄድም፤ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። ሁለተኛ መጋጠሚያ በተመሳሳይ ማዕዘን ታጥፎ፣ ሹካዎቹ ከተስተካከሉ፣ የመጀመሪያውን መፍጠንና መዘግየት ያጠፋዋል። ፎርሙላው ረጅም ነው፤ ፈተና ላይ መጥቶ ግማሹ ክፍል ወድቋል። አጎቴ ግቢ፣ በሞርሳው አጠገብ፣ ለአባቴ ፎርሙላውን በካርቶን ላይ ጻፍኩላቸው፤ ኮሳይኑን ዘልለው ማዕዘኑን ጠየቁኝ። «እንግዲያ መኪናውን በባሌስትራ ከፍ የሚያደርጉ ልጆች ንዝረት የሚያገኙት ለዚህ ነው» አሉ። አዎ፣ ለዚህ ነው፤ ከፍታው ማዕዘኑን ያበላሸዋል። መምህራችን ይህን ምሳሌ አልሰጠንም።

ከሰንበት መግቢያ በፊት ሻፍቱ በሰረዙ ላይ ተገጥሞ፣ ግሪስ በፖምፓ ተሰጥቶት አለቀ። ወደ ቂርያት ማላኺ በ90 ስንመለስ በመስተዋቱ ውስጥ ከኋላችን ያለው መኪና አንድ ብቻ ነበር።

በሳምንቱ አባቴ የፊቱን ሻፍት ለመፈተሽ ፈለጉ፤ ለዚያ አሸዋ ያስፈልጋል። የዚህ ሃይሉክስ የአራት ጎማ ማርሽ ደረቅ አስፋልት ላይ አይገባም። ምክንያቱ ቀላል ነው። መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ መንገድ ይሄዳሉ፤ ሁለቱ ሻፍቶች ግን እኩል እንዲዞሩ ተቆልፈዋል። አሸዋ ላይ ጎማው ተንሸራትቶ ልዩነቱን ያራግፈዋል። አስፋልት ላይ መንሸራተት ስለማይችል ሸክሙ በክሮቸራና በማርሽ ጥርሶች ላይ ይጠመጠማል። ስለዚህ ከያቭኔ ወደ ምዕራብ፣ ወደ አሸዋ ክምሮቹ ሄድን፤ ከተፈቀደው መንገድ ሳንወጣ፣ የጎማውን አየር ቀንሰን፣ የፊት ጎማዎቹን መቆለፊያ በእጅ አዙረን።

እዚያ ነው አባቴ የደባርቁን ታሪክ ያወሩልኝ። አንድ ላንድሮቨር የኋላ ሻፍቱ ደባርቅ ላይ ተሰብሮ መለዋወጫ የለም። የጋራዡ ሽማግሌ መካኒክ ሻፍቱን ፈትተው ጣሪያ ላይ አሰሩት፣ የአራት ጎማ ማርሽ አስገቡና በፊት ጎማ ብቻ እየጎተተ ጎንደር ድረስ አመጡት። አባቴ ከኋላ ተቀምጠው ነበር። «ጎትቶ የሚሄድ መኪና ዳገት ላይ እንዴት እንደሚያለቅስ ሰምተሽ አታውቂም» አሉ። ከዚያ ጋራዥ በ1990 እንደ ሌሎቹ ወደ አዲስ አበባ ሲወርዱ፣ ለሽማግሌው ያልነገሯቸው ፈርተው ነው። ይህን ሲናገሩ መሪውን አልለቀቁም።

ክምሩን ስንወጣ አንድ ወጣት አሮጌ ሱዙኪ ውስጥ እስከ አክስሉ ተቀብሯል። ነዳጅ ይሰጣል፣ የኋላ ጎማዎቹ አሸዋ ይረጫሉ፣ የፊቶቹ ዝም ብለዋል። አባቴ ወርደው አንድ ጊዜ ዞሩት፣ የፊቱን ጎማ መሐል በጣታቸው ነኩት፤ መቆለፊያው አልተቆለፈም።

«ሃባካክስ ሃቅድሚ ሼልኻ ሎ ኦቬድ» አሉት። የፊት ባካክስህ አይሠራም።

ወደ እኔ ዞረው ደግሞ በአማርኛ፣ «ምን ላድርግ፣ በሱ ቋንቋ ካልነገርኩት አይገባው» አሉ።

ቴስቱን ያለፍነው በዚያው ወር ነው። ፍሬኑንና መሪውን አልነካንም፤ አባቴ እነሱ ፈቃድ ላለው ጋራዥ ናቸው ብለው ያምናሉ፣ እኔም እስማማለሁ። ግሪስ፣ ዘይት፣ ፊልተር፣ ቺንጋ፣ ክሮቸራ ግን ከእንግዲህ የእኛ ነው። እናቴ አንድ ጊዜ ጌዴራ መጥታ ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ሞርሳውን ትክ ብላ አይታ «የአባቴ መቆንጠጫ ከዚህ ይበልጥ ነበር» አለች፤ ሌላ አልተናገረችም።

የዳይናሚክስ ደብተሬ ጀርባ ላይ አሁን ሦስት ዓምድ አለ፤ የአባቴ ቃል፣ የሙሳኹ ቃል፣ የመማሪያ መጽሐፉ ቃል። 61 ደርሰናል። ከፊት ጎማ በኩል እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራውን ረጅም ዘንግ አባቴ ምን ይሉት እንደነበር ማስታወስ አልቻሉም፤ ጎንደር፣ አዲስ አበባ ወይም አስመራ ጋራዥ የሠራ አባት ወይም አጎት ያላችሁ ጠይቁልኝ። የግራው ባሌስትራ አንድ ቅጠሉ ተሰንጥቋል፤ ከሱኮት በፊት እንቀይረዋለን። እስከዚያ ድረስ መኪናው ድስት አይጭንም። ወንበር ግን ይችላል።